ጭራ ይግዛ

ሌባ ሲባል የሚሰብር፣ የሚፈነቅል፣ ያገኘውን በትኖ የሚሮጥ ነው። በ2007 ዓ.ም. በአስተርእዮ ማርያም ጠዋት በእንጅባራ የመኪና ሰዓት ውድድር ማኅበር ግቢ የገባው ሌባ ግን ሥርዓት ያለው ሰው ነበር። የነካውን ሁሉ በቦታው መልሷል። የመኪናዋን ኮፈን ዘግቷል። የግቢውም በር እንደተቆለፈ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመኪናዋ ሞተር።

ኢንስፔክተር ስሜነሽ ኮፈኑን አንስታ ሞተሩ የነበረበትን ባዶ ቦታ ትክ ብላ አየች። መኪናዋ አሮጌ ነጭ ዲኤክስ ናት። ትናንት ረቡዕ ወደ ድንጋይ ካባው በሚወጣው ጥርጊያ መንገድ ከሁሉም ፈጥና አንደኛ ወጥታ ነበር።

«ብሎኖቹን ይመልከቱልኝ» አለ አብሯት የመጣው ሳጅን ደጉ።

ሞተሩ የታሰረባቸው ብሎኖች አልጠፉም። እያንዳንዱ በነበረበት ቀዳዳ ተመልሶ በጣት ጠበቅ ተደርጓል። ከመኪናዋ ፊት ለፊት መሬቱ ላይ ሦስት ጉድጓዶች ይታያሉ፤ ሦስት የቀርከሃ ግንዶች አቁሞ በሰንሰለት ዕቃ የሚያነሳውን ፓራንኮ ያንጠለጠለ ሰው ብቻውን ሞተር ማንሳት ይችላል። ከግቢው ጀርባ ደግሞ የቀርከሃው አጥር አንድ ቦታ ላይ ተፈትቶ እንደገና ታስሯል። ሽቦው አዲስ ነው፤ በፒንሳ ተጠምዝዞ ጫፉ ሰው እንዳይወጋ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

«ምን ዓይነት ሌባ ነው ለሰው የሚያዝን?» አለ ደጉ።

ስሜነሽ የማኅበሩን ደንብ ስላላወቀች እዚያው የነበሩትን አባላት ጠየቀች። ውድድሩ እንደ ፈረስ ጉግስ መተረማመስ የለበትም። መኪኖቹ አንድ በአንድ፣ ለየብቻቸው ይወጣሉ፤ እሽቅድምድሙ ከሰዓት ጋር ነው። ማንም ለመኪናው ማሻሻያ ከሃያ ሺህ ብር በላይ እንዳያወጣ ተደንግጓል። ደንብ ብቻውን ሀብታምን እንደማይዝ ስለሚያውቁ አንድ ማሰሪያ ጨምረውበታል፤ በውድድሩ የመጨረሻውን ደረጃ የያዘው፣ ጭራ የሚሉት ሰው፣ ከፈለገ የአንደኛውን ሞተር በዚያው በሃያ ሺህ ብር ይገዛል። አንደኛው እምቢ ማለት አይችልም። ስለዚህ መቶ ሺህ ያፈሰሰ ሰው አንደኛ ሲወጣ ይከስራል። አባላቱ ይህን አንቀጽ «ጭራ ይግዛ» ይሉታል። የአንደኛው መኪና እስከ ማግስቱ በማኅበሩ ግቢ ተቆልፎ የሚያድረውም ለዚህ ነው።

ዘንድሮ አንደኛ የወጣው ይሄነው የሚባል የዳንግላ ነጋዴ ልጅ ነው። ጭራ የሆነው ሽመክት የሚባል የእንጅባራ መካኒክ ሲሆን፣ ማታውኑ «እገዛዋለሁ፤ ነገ በሰው ፊት ከፍቼ የፈሰሰበትን ገንዘብ አሳያችኋለሁ» ብሎ ነበር። ነገ ሲሆን ሞተሩ የለም።

የግቢው ጠባቂ አያ ባምላክ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የበሩ ቁልፍ ከማተባቸው ጎን አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

«አያ ባምላክ፣ ከግቢው መቼ ወጡ?»

«የጠዋቱ ደወል ሲደወል ወጣሁ፤ ቅዳሴው ሲያበቃ ተመለስሁ። በአስተርእዮ ቀን ብቀር እመቤቴ ምን ትለኛለች?»

«ቤተ ክርስቲያን ያየዎት ሰው አለ?»

«ያላየኝ ማን አለ? ጆሮዬ ከድቶኛል። መብራት ጠፍቶ ማጉያው ስላልሠራ ስብከቱ አልሰማ አለኝና ሰውን እየገፋሁ ቄስ ገብረ ማርያም እግር ሥር ሄጄ ቆምሁ። የገፋሁት ሁሉ ሲቆጣኝ ነበር።»

ይህ ለስሜነሽ በቂ ነበር። ለአለቃዋ ለኮማንደሩ ግን አልበቃም። «ቁልፉ የማን አንገት ላይ ነው? በሩ አልተሰበረም። አጥሩን ሽማግሌው ራሳቸው ፈትተው ለሌላ ሰው ቢያቀብሉስ?» አለና አያ ባምላክ ታስረው እንዲቆዩ አዘዘ። ሽማግሌው ቁልፉን ከአንገታቸው ማውጣት ጀመሩ። ማተቡ ከቁልፉ ገመድ ጋር ተጠላልፎ ነበርና ለመፍታት ጊዜ ወሰደባቸው፤ ስሜነሽም አላስችል ብሏት ፊቷን አዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ልጃቸው ሸጋ ምሳ ዕቃ ይዛ ጣቢያው በር ላይ ቆማለች። ሠርጓ እሑድ ነው።

«ከሙሽራው ወገን ዛሬ ሊመጡ የነበሩ ሽማግሌዎች አልመጡም» አለች። «ምንም አላሉም። አለመምጣታቸው ግን ነገር ነው። አባቴ እስከ እሑድ ካልወጣ የሌባ ልጅ ተብዬ ነው የምቀረው።»

«እስከ እሑድ ይወጣሉ» አለች ስሜነሽ። ከአፏ ሲወጣ ራሷን ፈራች፤ ለሰው የማይገባ ቃል መስጠት አመሏ አልነበረም።

የመጀመሪያው ጥርጣሬ በይሄነው ላይ ነው። ሞተሩ ከጠፋ የሞተሩም ምስጢር ይጠፋል። ስሜነሽና ደጉ ዳንግላ ሲደርሱ ልጁን በአባቱ የግንባታ ዕቃ መደብር ውስጥ የሲሚንቶ ክምር ላይ ተቀምጦ አገኙት። ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ከውድድሩ እንደተመለሰ በጓደኛው ሠርግ ሚዜ ሆኖ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ሲጨፍር ኖሯል። ይህን የማይመሰክር የዳንግላ ሰው አልነበረም፤ የቪዲዮ ቀራጩ ሳይቀር ይሄነው እየተደነቀረ የሙሽሪትን ቀረጻ እንዳበላሸበት ተናገረ።

«ሞተርህ ከሃያ ሺህ በላይ ፈጅቷል ይባላል» አለችው።

«ይባላል። ከዱባይ በሻንጣ መጣለት ተብያለሁ። ሞተር በሻንጣ!»

«ታዲያ እንዴት አንደኛ ወጣህ?»

«አባቴ ሥራ ይልመድ ብሎ ሁለት ዓመት ሲኖትራክ አስነድቶኛል። ያችን የካባ መንገድ ድንጋይ ስጭንባት ኖሬአለሁ። የትኛው ኩርባ ላይ ጠጠሩ እንደሚንሸራተት፣ የት ላይ ፍሬን እንደማይያዝ አውቃለሁ። ይኸው ነው።» ከሲሚንቶው ላይ ወርዶ ሱሪውን አራገፈ። «ሽመክት ሊከፍተው ነው ሲሉኝ ደስ ነበር ያለኝ። ይከፈትና አገር ይየው ብዬ። አሁን ማን ያምነኛል?»

ስሜነሽም አላመነችውም። ገንዘብ ያለው ሰው ወሬ አይቸግረውም ብላ፣ በእጁ ባይሆን በሰው እጅ አድርጎት ይሆናል ስትል ደጉን የአባቱን ሾፌሮች እንዲያጣራ ላከችው። ሦስቱም ለሠርጉ ቢራና ውሃ ሲያመላልሱ ውለው ነበር። ያ መንገድ እዚያ ላይ ተዘጋ።

ከሰዓት በኋላ ሽመክት ጋ ሄደች። ሽመክት ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ጋራዥ የአንድ ባጃጅ ሞተር እየፈታ ነበር። የፈታውን የብሎን ዳዶ ሁሉ አሮጌ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ይወረውራል። ትንሽ ቆይቶ አንዱን ሲፈልግ ቆርቆሮውን መሬት ላይ ይዘረግፍና ይራገማል።

«አንተ ጎበዝ ነጂ ነህ ይሉኛል። እንዴት መጨረሻ ወጣህ?»

«አውቄ ነው» አለ ሳያፍር። «በአንደኛ ማርሽ ነው የወጣሁት። በቅሎ የጫነ ሰው ይቀድመኝ ነበር።»

«ሞተሩን ለመግዛት?»

«ለመክፈት። ደንብ ይከበራል ብዬ ስንት ዓመት ከልጆቼ አፍ እየነጠቅሁ መኪናዬን በልኩ ሠራሁ። የሀብታም ልጅ መጥቶ በመጀመሪያ ዓመቱ አንደኛ ሲወጣ አንጀቴ አረረ። እኔ በገንዘብ አልችለውም። ስለዚህ ጭራ ልሁንና ጉዱን ላውጣ አልሁ።»

«ብሩን ከየት አምጥተህ?»

«የጋራዥ ጓደኞቼ አዋጡልኝ። ብሩ አሁንም ኪሴ ውስጥ ነው። ልሰርቀው ካሰብሁ ለምን ሰው አስቸግራለሁ?»

«ትናንት ጠዋትስ የት ነበርህ?»

«ቤተ ክርስቲያን። አያ ባምላክ ወደ ፊት ልጠጋ ብለው ሲገፉ አውራ ጣቴን ረግጠውኛል። ይኸው አብጧል።» ጫማውን ሊያወልቅ ሲል ስሜነሽ አያስፈልግም አለችው።

የቀረው አቶ ነጋ ነው። አቶ ነጋ የማኅበሩ መሥራችና የቴክኒክ ኃላፊ ናቸው፤ «ጭራ ይግዛ»ንም ያመጡት እሳቸው ናቸው። በውድድሩ ዕለት ጠዋት የእያንዳንዱን መኪና ሞተር ከፍተው ያያሉ፤ ከዚያ ማንም እንዳይነካካው በሽቦና በእርሳስ ማኅተም ያትሙታል። ጋራዣቸው በከተማው የታወቀ ነው። መፍቻው ሁሉ በቁመቱ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ፣ ወለሉ ተጠርጎ፣ ሬዲዮ ቀስ ብሎ ይዘፍናል። ስሜነሽ ስትደርስ የአንድ ሚኒባስ ውሃ ፓምፕ እያወረዱ ነበር። ሻይ አዘዙላት፣ ወንበር ጠረጉላት፣ ፓምፑን አውርደው ዳዶዎቹን በየቦታቸው መልሰው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉና ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«የይሄነውን ሞተር ከፍተው አይተውታል?»

«ደንቡ ያዛል።»

«ምን አገኙበት?»

«ነውር ባገኝበት አላትመውም ነበር።»

«ማን ይመስልዎታል የወሰደው?»

አቶ ነጋ ሻያቸውን አማሰሉ። «እኔ እንጃ። ግን አያ ባምላክን ልቀቋቸው። እሳቸው ይህን አያደርጉም። የልጃቸው ሠርግም ደርሷል።»

«ትናንት ጠዋት እርስዎ የት ነበሩ?»

«እንደ ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን። ሰው ስለበዛ ከአጥሩ ውጭ ቆሜ በማጉያው ነው ያስቀደስሁት። ቄስ ገብረ ማርያም ስብከቱን አሳምረውታል።»

ስሜነሽ ሻይዋን ጨርሳ አመስግና ወጣች። ደግ ሰው ናቸው ብላ አሰበች። ቤቷ ገብታ እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ ግን አንድ ነገር ሲጎረብጣት አመሸ፤ ምን እንደሆነ አልያዝ አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ዘውድነሽ የምትባል ሴት ለአያ ባምላክ ቁርስ ይዛ ጣቢያ መጣች። ከማኅበሩ ግቢ ጀርባ ትንሽ ሱቅ አላት።

«ሐሙስ ጠዋት በዚያ ያለፈ ሰው አላየሽም?» አለቻት ስሜነሽ።

«ማንም። አንድ ከሰል የጫነ ጋሪ ብቻ፤ ወደ አዲስ ቅዳም መንገድ የሚሄድ።»

«ትናንት ሳጅን ሲጠይቅሽ ለምን አልተናገርሽም?»

«የከሰል ጋሪ ቀን ከሌት ያልፋል፤ ምኑን ላውራው? ብቻ ሰውየው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። በማርያም ቀን ከሰል ጭኖ! እኔ አማተብሁና ወደ ውስጥ ገባሁ።»

ስሜነሽ ኮፍያዋን አነሳች። ጋሪ ከከሰል ሥር ምንም ነገር ቢጭን ማንም ገልጦ አያይም፤ አሳቡ ብልህ ነበር። ነገር ግን ያ ሰው በዚያ ቀን አንድም ገበሬ ከሰል እንደማይጭን ረስቷል። ከሰል የሚሸጥ ሰው ይህን አይረሳም።

ቅዳሜ የአዲስ ቅዳም ገበያ ቀን ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ጆንያ ተደርድሮ፣ ከግራር ተክሉ መሀል ከየማሳው ጭስ ይወጣል። ገበሬው ግራሩን ቆርጦ ይከምረዋል፤ በሣርና በአፈር ደፍኖ ቀስ ብሎ እንዲነድ ይተወዋል። ደጉ የአካባቢው ልጅ ስለሆነ በአገውኛም በአማርኛም እየጠየቀ ከከተማው ወዲህ ካለች አንዲት መንደር አደረሳት። እታለማሁ የተባለች ባለማሳ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማ ሰማቻቸው፤ ከዚያ ሳቀች።

«ጋሪውን አይቼዋለሁ። ክምሩንም አይቼዋለሁ። ያውላችሁ።»

ከማሳዋ ድንበር ማዶ ሌላ ክምር አለ። አፈሩ በሥርዓት ተለስኗል፤ ዙሪያው ተጠርጓል። ጭስ ግን የለውም።

«ከሐሙስ ጀምሮ እንደዚያ ነው» አለች እታለማሁ። «እሳት ያልገባው ክምር ማን ይደፍናል? ሰውየው ከሰል መሥራት አያውቅም ብለን ስንስቅበት ነበር።»

«ማሳው የማን ነው?»

«የአማቱ ነበር። አሁን የእሱ ሆኗል። የጋራዡ የነጋ።»

ደጉ አፈሩን ሲገልጥ ከሣሩ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ሞተር በሁለት ግንድ ላይ ተቀምጦ ተገኘ። የእርሳስ ማኅተሙ አልተነካም። በጎኑ የተፈቱት ዳዶዎች ሁሉ በየብሎናቸው ተመልሰው ገብተዋል። ስሜነሽ ይህን ስታይ የጎረበጣት ነገር ምን እንደሆነ ገባት። አቶ ነጋ እያወሯት የፓምፑን ዳዶዎች በየቦታቸው ይመልሱ ነበር። አመል ያወጣል ከመሀል ይባላል። ማጉያውም ትዝ አላት፤ በዚያ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ማጉያው ድምፅ አልነበረውም። ከአጥር ውጭ የቆመ ሰው አንድ ቃል ሊሰማ አይችልም።

ሞተሩን በሚኒባስ ጭነው እንጅባራ ሲገቡ አቶ ነጋ ጋራዣቸው በር ላይ ቆመው ነበር። ሚኒባሱን አዩት፤ ከወለሉ ላይ ያለውን ላስቲክም አዩት። መፍቻቸውን ግድግዳው ላይ ሰቅለው ተከተሏት።

በጣቢያው ግቢ የማኅበሩ ሰዎች ተሰበሰቡ። ይሄነውም ከዳንግላ መጣ። ስሜነሽ አቶ ነጋ ከልጁ ጉቦ በልተው ሞተሩን እንዳሳለፉ ሙሉ በሙሉ አምና ነበር።

«ስንት ሰጠዎት?» አለቻቸው።

«ማን?»

«ይሄነው።»

«አምስት ሳንቲም አልሰጠኝም።» አንገታቸውን ደፉ። «አልከፈትሁትም። እሱ ነው ጥፋቴ። ረቡዕ ጠዋት የልጁ ሞተር ፊት ስቆም ፈራሁ። ሁሉም ሰው ከዱባይ የመጣ ነው ይላል። ከፍቼ ባገኘው ማባረር አለብኝ። አባቱ ደግሞ ለማኅበሩ ነዳጁንም አምቡላንሱንም የሚከፍሉ ሰው ናቸው። ማኅበሩ ይፈርሳል። ካላየሁ አላወቅሁም ብዬ ማኅተሙን አደረግሁበት።»

«ከዚያስ?»

«ማታ ሽመክት በሰው ፊት እከፍተዋለሁ አለ። ሲከፈት ነጋ ሳያይ ነው ያተመው ሊባል ነው። ይህን ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ስሜም በዚሁ ነው የቆመው። ቢጠፋ ይሻላል አልሁ።»

«አያ ባምላክ ሲታሰሩስ?»

ስሜነሽ ከሁሉ በላይ የተናደደችው በዚህ ነው። ሰውየው ሽማግሌውን ልቀቋቸው ብለው ሻይ ጋበዟት እንጂ እኔ ነኝ አላሉም።

«እንግዲህ እንየው» አለችና ለሽመክት መፍቻ ሰጠችው።

ሽመክት ማኅተሙን ቆረጠ። የሞተሩን ራስ፣ ቴስታታውን፣ ሲያነሳ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ሽመክት ጎንበስ ብሎ አየ። ጣቱን አስገብቶ ዳሰሰ። ፒስተኖቹን አንድ በአንድ ጠርጎ ቁጥራቸውን አነበበ። ካንዴላዎቹን አውጥቶ በብርሃን ገለባበጣቸው። ቀና ሲል ፊቱ ተለዋውጦ ነበር።

«ምንም የለውም» አለ።

«ምን ማለትህ ነው?»

«ምንም ነገር የለውም። ፒስተኑ መጀመሪያ አብሮት የመጣው ነው። ቴስታታው አልተላገም። ካንዴላው እኔ ከምገዛበት ከዚህ ከገበያው ሱቅ ነው። ሃያ ሺህ ቀርቶ አሥር ሺህ አልወጣበትም።»

አቶ ነጋ ሰዎቹን ከፍለው ወደ ሞተሩ ቀረቡ፤ ረቡዕ ጠዋት ማየት የነበረባቸውን ገና አሁን ጎንበስ ብለው አዩ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ከፍተው ቢያዩት ኖሮ የሚደብቁት ነገር አልነበራቸውም። ደጉ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባቸው።

ይሄነው ሽመክትን «ግዛው እንጂ፣ መብትህ ነው» አለው።

ሽመክት ሞተሩን እንደገና አየው። «የእኔ ከዚህ ይሻላል» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ መንገዱን ልሽጥልህ?»

ሽመክት መሳቅ አልፈለገም ነበር፤ ሳቀ። ስሜነሽ ግን አልሳቀችም። ይህ ልጅ እውነቱን ሲነግራት ገንዘቡን አይታ ነው ያላመነችው። ሄዳ ይቅርታ ጠየቀችው፤ እሱም «የለመድሁት ነው» አላት፤ ቃሉ ከስድብ ይልቅ ከበዳት።

አያ ባምላክ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወጡ። ሸጋ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። የሙሽራው ወገን ሽማግሌዎች ወሬውን ሰምተው ጣቢያው በር ላይ መጥተው ቆመዋል፤ ትናንት ያልመጡት መንገድ ስለጠፋባቸው ይመስል አቀርቅረው ጉልበት ሊስሙ ቀረቡ። አያ ባምላክ አላሳፈሯቸውም፤ አንስተው ሳሟቸው።

ሞተሩ እስኪገጠም ድረስ በጆንያ ተሸፍኖ ወደ ማኅበሩ ግቢ ተመለሰ። ሽመክት ቁልፉን በሁለት እጁ ይዞ አያ ባምላክ ፊት ቆመ።

«ይቅር ይበሉን። ከእርስዎ ሌላ ለማን እንሰጣለን?»

አያ ባምላክ ቁልፉን አልተቀበሉም። በአንድ እጃቸው ማተባቸውን ያዝ አድርገው በሌላው ወደ ጆንያው አመለከቱ።

«መጀመሪያ ግለጡልኝ» አሉ። «የምጠብቀውን ልየው።»